ዘር ከልጓም ይስባል? የሲቢስኪት ጉዳይ

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚባለው ስለ ሰው ነው። ምሳሌው ግን ከፈረስ የተወሰደ ስለሆነ ወደ ፈረስ መልሶ መፈተኑ ያስኬዳል። ለእሽቅድምድም ፈረስ ባለቤት ጥያቄው ቁርጥ ያለ የገንዘብ ጥያቄ ነው። እጁ ላይ ያለውን ገንዘብ ስመ ገናና ከሆነ ድንጉላ ለተወለደ ውርንጭላ ያውጣው ወይስ ዘሩ መካከለኛ የሆነውን ገዝቶ ለጥሩ አሰልጣኝ ይክፈለው?

ስልጠና ይበልጣል የሚሉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠሩት የአሜሪካ ፈረስ ሲቢስኪት ነው። በ8,000 ዶላር ተሸጦ፣ ሩጫ ባቆመበት ጊዜ በዓለም ላይ ከፈረሶች ሁሉ የበለጠ የሽልማት ገንዘብ ያስገኘ ሆነ፤ ድምሩ 437,730 ዶላር ነበር። ታሪኩ እዚህ ላይ ሲቋረጥ ለስልጠና የተሰጠ የምስክርነት ቃል ይመስላል። ከዘር መዝገቡ ጀምሮ እስከ ልጆቹ ድረስ ሲከተሉት ግን መልኩ ይለወጣል። ጉዳዩን ለጥናት የሚያስመርጠው ሦስት ማነጻጸሪያ በአንድ ላይ የያዘ መሆኑ ነው። አንዱና ያው ፈረስ በሁለት ጋጣ ተይዟል፤ ትልቁ ተቀናቃኙ የገዛ አጎቱ ነበር፤ ደግሞም ከአንድ አባት የተወለደ፣ መልኩም ከእሱ የማይለይ ሌላ ፈረስ በዚያው አሰልጣኝ እጅ አልፏል። እንዲህ ያለ ነገር በሩጫ ሜዳ ላይ በአጋጣሚ ካልሆነ አይገኝም። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የዘር መዝገቡ ምን ይላል

ሲቢስኪት ሜይ 23 ቀን 1933 ኬንታኪ ውስጥ በፓሪስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በክሌይቦርን የፈረስ ማርቢያ ተወለደ። አባቱ ሃርድ ታክ፣ አያቱ ማን ኦ ዎር ነው። ማን ኦ ዎር 21 ጊዜ ሮጦ 20 ጊዜ ያሸነፈ፣ በአሜሪካ ምድር ከታዩት ፈረሶች ሁሉ ይበልጣል ብለው ብዙዎች የሚምሉበት ድንጉላ ነው። በእናቱ በስዊንግ ኦን በኩል ደግሞ አያቱ ዊስክ ብሩም 2ኛ ነው፤ እሱም በ1913 የኒው ዮርክን ሦስት ታላላቅ የክብደት ማመጣጠኛ ውድድሮች (የተሻለው ፈረስ የበለጠ ክብደት የሚሸከምባቸውን) በአንድ ዓመት ጠቅልሎ ወስዷል። ስለዚህ «ዘር የሌለው ፈረስ በስልጠና ነገሠ» የሚለው አባባል ከመነሻው ስህተት ነው።

ሰውን ያሳሳተው ቁመናው ነበር። ከትከሻው ጫፍ እስከ መሬት 157 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ጉልበቶቹ እብጥብጥ ያሉ፣ እግሮቹ አጠር ያሉ፣ ሲጋልብ ደግሞ የግራ የፊት እግሩ ወደ ውጭ እየተወረወረ የሚመለስ። ለጨረታ ቢቀርብ ገዢዎች ዐይተው የሚያልፉት ዓይነት ነው። አባቱ ሃርድ ታክም ፍጥነት ያለው ግን ቁጡና እንቢተኛ ፈረስ ነበርና በልጆቹ ላይ ጥርጣሬ ጥሎ አልፏል።

እዚህ ላይ የዘርን አሠራር በትክክል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ውርንጭላ ከአባቱ ግማሽ፣ ከእናቱ ግማሽ ይወስዳል፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን ዕጣ ነው። ከአያቱ የሚደርሰው በአማካይ ሩብ ነው። በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾችም የሚጋሩት በአማካይ ሩቡን ብቻ ነው። ስለዚህ የአያት ስም ያለው ፈረስ ሁሉ የአያቱን ልብና ሳንባ ይዟል ማለት አይደለም። ስም ያለው ወረቀት የሚሸጠው ዕድልን ነው። ዕድሉ ወጥቶ ይሁን ሳይወጣ ወረቀቱ ራሱ አያውቅም።

ዘር የሚሰጠው ነገር ግን እውነተኛና ትልቅ ነው። አንድ ቶሮብሬድ (ለእሽቅድምድም ተለይቶ የተራባ የፈረስ ዝርያ) ገና ስልጠና ሳይጀምር በአንድ ደቂቃ ውስጥ በኪሎ ግራም ክብደቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ኦክስጅን መጠቀም ይችላል፤ በዓለም ደረጃ ያሉ የረጅም ርቀት ሯጮች 80 እና 90 አካባቢ ናቸው። ጣፊያው በቀይ የደም ሕዋስ የተሞላ መጠባበቂያ ነውና ፈረሱ ሽምጥ ሲጋልብ ይህን ወደ ደም ሥሩ ይለቅቃል። ስልጠና ይህን ሁሉ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይፈጥረውም። የሚመቸው ርቀትም ቢሆን በአብዛኛው ሲወለድ የተቆረጠ ነው። በ2010 የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ማዮስታቲን የሚባለው የጡንቻን ዕድገት የሚገታ ጂን ሦስት ዓይነት ጥምረት አለው፤ አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ ለረጅም ርቀት ያዘነበለ ነው። ለ2,400 ሜትር የተሠራውን ፈረስ በ1,000 ሜትር ላይ እያስሮጡ «ሰነፍ ነው» ማለት የአሰልጣኝ ስህተት ነው። የሚደረገው ግን በየጊዜው ነው።

ታዲያ ዘር ይህን ያህል ከሰጠ፣ ለምን ውድ ዘር ያላቸው ፈረሶች ይሸነፋሉ? ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ባለ ዘር ስለሆኑ ነው። በዓለም ያለ ቶሮብሬድ ሁሉ በአባት በኩል ወደ ሦስት ድንጉላዎች ይመለሳል፦ ዳርሊ አረቢያን፣ ጎዶልፊን አረቢያን እና ባየርሊ ተርክ። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ ምርጫ በኋላ በመካከላቸው የቀረው የዘር ልዩነት ጠባብ ነው። በ2008 የታተመ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በፈረሶች የዕድሜ ልክ ሽልማት ላይ ከሚታየው ልዩነት በጂን የሚብራራው አሥር በመቶ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። ቶሮብሬድን ከጋሪ ፈረስ ጋር ብታወዳድር መልሱ ዘር ነው፤ ቶሮብሬድን ከቶሮብሬድ ጋር ብታወዳድር ግን ሚዛኑ ወደ አያያዝ ያዘነብላል። ብዙ ክርክር የሚረዝመው ተከራካሪዎቹ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እየጠየቁ እንደሆነ ስለማይለዩ ነው።

የመጀመሪያው ጋጣ

ሲቢስኪት በመጀመሪያ የዊትሊ ጋጣ ንብረት ነበር። አሰልጣኙ ጄምስ ፊትዝሲመንስ ነው። ስለ እሱ ሲነገር «ፈረሱን ያላወቀበት» እየተባለ መታለፉ ፍትሕ አይደለም፤ በ1930 በጋላንት ፎክስ፣ በ1935 ደግሞ በኦማሃ የአሜሪካን ሦስትዮሽ ዘውድ (በአንድ ዓመት ሦስቱን ታላላቅ የሦስት ዓመት ፈረሶች ውድድሮች ለሚያሸንፍ ፈረስ የሚሰጠውን ክብር) የወሰደ፣ በዘመኑ ከነበሩት አሰልጣኞች ግንባር ቀደም የነበረ ሰው ነው። ኦማሃ ዘውዱን ሲጭን ሲቢስኪት በዚያው ጋጣ የሁለት ዓመት ፈረስ ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ፈረስ ያለበት፣ የሻምፒዮን ጥያቄ በየቀኑ የሚነሳበት ጋጣ ለእንቅልፋሙና ለትንሹ ፈረስ የሚተርፍ ዐይን አልነበረውም።

ሲቢስኪት የመጀመሪያዎቹን 17 ውድድሮች በሙሉ ተሸነፈ። በሁለት ዓመቱ ብቻ 35 ጊዜ ሮጦ 5 ጊዜ አሸነፈ። አንዳንዶቹ ውድድሮች ማንኛውም ገዢ ፈረሱን በተተመነለት ዋጋ፣ በ2,500 ዶላር፣ ሊወስደው የሚችልባቸው ነበሩ፤ የፈለገው ሰው አልነበረም። በጋጣው ውስጥ ከተሻሉት ፈረሶች ጋር እየሮጠ እነሱን ማለማመጃ ሆነ። አሰልጣኙ ፈረሱ ችሎታ እንዳለው ይጠረጥር ነበር፤ ግን ስንፍና አለበት ብሎ ስላመነ መድኃኒቱን በብዙ ውድድርና በአለንጋ ፈለገው።

35 ውድድር በሁለት ዓመት ዕድሜ ምን ያደርጋል? የወጣት ፈረስ አካል በአንድ ፍጥነት አይጠነክርም። ልብና ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ለሥራ ይላመዳሉ፤ አጥንት ወራት ይፈልጋል፤ ጅማት ከሁሉ ይዘገያል። አጥንት ሲጫንበት በመጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳል፣ ከዚያ አዲሱን ይገነባል፤ በማፍረስና በመገንባት መካከል ያለው ጊዜ ደካማ የሚሆንበት ጊዜ ነው። የወጣት ፈረሶች የፊት አገዳ የሚያብጠውና የሚያመው በዚህ ወቅት ነው። አጥንትን የሚያጠነክረው ደግሞ አጭርና ፈጣን ሩጫ ነው፤ ጥቂት መቶ ሜትር በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ይበቃል። ያለ ዕረፍት የሚደጋገም ረጅም ግልቢያ ድካሙን ያከማቻል እንጂ ግንባታውን አያፋጥንም። የሲቢስኪት አጥንት ይህን ሁሉ ችሎ ሳይሰበር መውጣቱ ራሱ የዘሩ ምስክር ነው ብለን እናምናለን።

የተጎዳው ሌላው ነገሩ ነው። በኦገስት 1936 ለቻርልስ ሃዋርድ በ8,000 ዶላር ሲሸጥ፣ አዲሱ አሰልጣኝ ቶም ስሚዝ የተረከበው ከሲታ፣ በጋጣው ውስጥ ያለማቋረጥ የሚዞር፣ ኮርቻ ሲያይ የሚያልበው፣ ሰው ሲጠጋው የሚነክስ ፈረስ ነበር።

ስሚዝ ምን አደረገ

ስሚዝ ስልጠናውን የጀመረው በሩጫ አይደለም። ጉዳዩ ለባለሙያ የሚጠቅመው በዚህ ቅደም ተከተሉ ነው።

መጀመሪያ ጓደኛ ፈለገለት። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ብቻውን ለሃያ ሦስት ሰዓት ሲዘጋበት አንዳንዱ መዞር ይጀምራል፣ አንዳንዱ እንጨት ይነክሳል፣ አንዳንዱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። መዞር በቀን የሚባክን ጉልበት ነው፤ በልቶ የማይወፍር ፈረስ ብዙ ጊዜ ሲዞር የሚያድር ነው። ስሚዝ ፍየል አስገባለት፤ ሲቢስኪት በጥርሱ አንስቶ ወደ ውጭ ጣላት። ከዚያ ፓምኪን የሚባል የከብት እረኞች ፈረስ፣ ብዙ ያየና በምንም የማይደነግጥ፣ አመጣለት። በሁለቱ ጋጣ መካከል ያለው ግድግዳ ፈረሰና አብረው ማደር ጀመሩ። የባዘነ ውሻና ጦጣ ደግሞ ተጨመሩ። ሲቢስኪት መዞሩን ተወ፤ ተኝቶ ያድርም ጀመር። የጋጣው ሠራተኞች ጠዋት ላይ እንዳይቀሰቅሱት ታዘዙ።

ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ በአካል ላይ የሚሠራ ነገር ነው። የፈረስ ጨጓራ ምግብ ኖረም አልኖረም ቀኑን ሙሉ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱን የሚያለዝበው ድርቆሽ ሲያኝክ የሚወርደው ምራቅ ነው። ጭንቀት፣ ብዙ እህል፣ ጥቂት ድርቆሽና በባዶ ሆድ ግልቢያ ሲገናኙ የጨጓራ ቁስል ይወጣል። በዛሬው ምርመራ በስልጠና ላይ ካሉ የእሽቅድምድም ፈረሶች አብዛኞቹ ይህ ቁስል ይገኝባቸዋል። የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ክሳት፣ ኮርቻ ሲጠብቅ መቆጣት፣ መንከስ፣ በሩጫ መጨረሻ ላይ መተው የተለመዱ ምልክቶቹ ናቸው። ሲቢስኪትን በዚያን ጊዜ የመረመረ መሣሪያ ስላልነበረ ቁስል ነበረበት ብለን አንፈርድም። ስሚዝ ያደረገው ግን ዛሬ የእንስሳት ሐኪም የሚያዝዘውን ያህል ነው፤ ጥሩ ድርቆሽ በብዛት፣ አጃ በልክ፣ ዕረፍት፣ ጸጥታ።

በዛሬ ልክ ብናስቀምጠው፣ 450 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ፈረስ ድርቆሹ በቀን ከ7 ኪሎ ግራም በታች መውረድ የለበትም፤ የእህል ምግብ በአንድ ጊዜ ከ2 ኪሎ ግራም ባይበልጥና በሦስት አራት ጊዜ ቢከፋፈል ይመረጣል። ከግልቢያ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው አንድ ሁለት እፍኝ ድርቆሽ መስጠት ደግሞ ጨጓራው ውስጥ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ አሲዱ ወደ ላይኛው ክፍል እንዳይረጭ ያደርጋል። ፈረሱን በባዶ ሆድ ማስሮጥ ይሻላል የሚለው የቆየ ልማድ ብዙ ፈረስ ጎድቷል።

ሁለተኛው ሥራ ከሰው ጋር የነበረውን ጠብ መፍታት ነበር። ሲቢስኪት ዛብ ሲሳብ ይቃወም፣ ሲገረፍ ይዘገይ ነበር። ስሚዝ በስልጠና ላይ ፈረሱ ወደ ወደደው እንዲሮጥ፣ ጋላቢውም እንዳይታገለው አዘዘ። ፈረሱ በሜዳው ላይ ሲያሻው እየጋለበ፣ ሲያሻው እየተጣመመ፣ ደክሞት በራሱ ፈቃድ እስኪቆም ሄደ። ከዚያ በኋላ ሲመልሱት የሚታገለው ሰው እንደሌለ ገብቶት ነበር። ጋላቢው ሬድ ፖላርድ ደግሞ አንድ ዐይኑ የማያይ፣ ግን የተበላሹ ፈረሶችን በትዕግሥት በመያዝ የሚታወቅ ሰው ነበር፤ በአለንጋ ከመምታት ይልቅ ማባበል እንደሚሻል ቶሎ አየ። እንዲህ ያለ ዘዴ ለሁሉም ፈረስ አይሠራም። ለሚፈራ ፈረስ ይሠራል፤ ለሚደፍር ፈረስ ጥፋት ነው። ልዩነቱን ማወቅ የአሰልጣኝ ዋናው ሙያ ነው።

ሦስተኛው የሩጫ ብዛት ነው። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ1935፣ በሁለት ዓመቱ፣ 35 ሩጫ፣ 5 ድል። በ1936 ሁለቱ ጋጣዎች ሲደመሩ 23 ሩጫ፣ 9 ድል። በ1937፣ በስሚዝ እጅ ሙሉ ዓመት ሲቆይ፣ 15 ሩጫ፣ 11 ድል፤ 168,580 ዶላር በማስገኘትም በአሜሪካ የዓመቱ ቀዳሚ ሆነ። ሩጫው ከግማሽ በታች ሲወርድ ድሉ ከእጥፍ በላይ ወጣ። ይህ የሆነው ደግሞ ተቀናቃኞቹ እየበረቱ፣ የሚጫንበት ክብደትም እየጨመረ ሲሄድ ነው። በክብደት ማመጣጠኛ ውድድር ያሸነፈ ፈረስ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ይሸከማልና።

ሁሉንም ለስሚዝ መስጠት ግን ልክ አይሆንም። ቶሮብሬድ ሙሉ አቅሙ የሚወጣው በአራትና በአምስት ዓመቱ አካባቢ ነው፤ ሲቢስኪት በ1937 አራት ዓመቱ ነበር። ከለውጡ ውስጥ የተወሰነው የዕድሜ ሥራ ነው። ምን ያህሉ እንደሆነ ከአንድ ፈረስ ታሪክ ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ ለዚህም ነው የሌሎቹ ሁለት ፈረሶች ማነጻጸሪያ የሚያስፈልገው።

ግሮግ

ግሮግ እንደ ሲቢስኪት የሃርድ ታክ ልጅ ነው። በመልክም በቁመትም ከሲቢስኪት ጋር እጅግ ይመሳሰል ነበርና፣ ስሚዝ የሲቢስኪትን የልምምድ ሰዓት ከጋዜጠኞችና ከክብደት መዳቢዎች ለመደበቅ ሲፈልግ ግሮግን አውጥቶ ያሳያቸው ነበር። የአባት ስሙ አንድ፣ አሰልጣኙ አንድ፣ ድርቆሹ አንድ። ግሮግ ተራ ፈረስ ሆኖ ቀረ። ስልጠና ብቻ ሻምፒዮን የሚሠራ ቢሆን ስሚዝ ሁለት ሲቢስኪት በኖረው ነበር። የአባት ስም ብቻ የሚበቃ ቢሆንም እንዲሁ። ሲቢስኪትን የለየው ከእናቱ የመጣው ግማሽና ከአባቱ የደረሰው ዕጣ ነው፤ ይህም በየትኛውም መዝገብ ላይ ተጽፎ የሚነበብ ነገር አይደለም።

ፒምሊኮ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 1938

ዋር አድሚራል የማን ኦ ዎር ልጅ፣ ለሃርድ ታክ በአባት በኩል ወንድም፣ ስለዚህም ለሲቢስኪት አጎት ነው፤ በዕድሜ ግን አንድ ዓመት ያንሰዋል። በ1937 ሦስትዮሽ ዘውዱን ወስዷል። በዕድሜ ልኩ 26 ጊዜ ሮጦ 21 ጊዜ አሸንፏል። ለማን ኦ ዎር ደም ከሲቢስኪት በአንድ ትውልድ የቀረበ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ንጉሥ ልጅ የተያዘ ፈረስ ነበር። ሁለቱ በባልቲሞር ፒምሊኮ ሜዳ ላይ ብቻ ለብቻ ተገናኙ። ርቀቱ 1,900 ሜትር ያህል፣ ጭነቱ ለሁለቱም እኩል 120 ፓውንድ (54 ኪሎ ግራም ተኩል ገደማ)፤ አነሳሱ ያለ መነሻ በር፣ ከርምጃ ላይ በደወል። ያለ በር ይሁን ያለው የዋር አድሚራል ባለቤት ነው፤ ፈረሱ በበር ውስጥ መቆም አይወድም ነበር።

ብዙ ሰው ዋር አድሚራል ያሸንፋል ብሎ የተወራረደው በበቂ ምክንያት ነው። በሁለት ፈረስ ውድድር ቀድሞ የወጣው አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል፤ ዋር አድሚራል ደግሞ ሲነሳ እንደ ጥይት ነው። ሲቢስኪት ከኋላ እየመጣ የሚያሸንፍ ፈረስ ነበር። በዘር ሚዛን ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

ስሚዝ የሠራው ሥራ ስልጠና በጠባቡ ትርጉሙ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል። እንደ መነሻው ደወል የሚጮህ መሣሪያ አሠርቶ ከፈረሱ ኋላ ቆመ። ደወሉን ሲያሰማ በዚያው ቅጽበት ፈረሱ በለስላሳ አለንጋ ይነካና ወደ ፊት ይወረወራል። ይህ በተደጋጋሚ ሲሠራ ፈረሱ ደወሉን ሰምቶ አለንጋውን ሳይጠብቅ መውጣት ጀመረ። የፈረስን ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ መለወጥ አይቻልም፤ ፈረሱ ለየትኛው ድምፅ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነሳ ግን መለወጥ ይቻላል።

ፖላርድ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ስለነበር የጋለበው ጆርጅ ዎልፍ ነው። ዎልፍ ከውድድሩ በፊት ሜዳውን በእግሩ ዞሮ አፈሩ ጠንከር ያለበትን መስመር ለይቶ ያዘ። ፖላርድ ደግሞ ከአልጋው ሆኖ መክሮት ነበር፤ ቀድመህ ከወጣህ በኋላ አጎቱ እንዲደርስበት ፍቀድለት፣ ሲቢስኪት ተቀናቃኙን ዐይን ለዐይን ሲያየው ነው የሚበረታ። ደወሉ ሲደወል ሲቢስኪት ቀድሞ ወጣ። በወዲያኛው ቀጥታ ላይ ዋር አድሚራል ደርሶበት ጎን ለጎን ሄዱ፤ የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ሲቢስኪት ለቅቆት ሄደ፤ በአራት የፈረስ ቁመት አሸነፈ። ሰዓቱ 1 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ከ3/5 ሲሆን የሜዳው አዲስ ክብረ ወሰን ነበር።

ይህ ውድድር ስልጠና ዘርን አሸነፈ ተብሎ ይተረካል። እኛ እንዲህ አናነበውም። አንዱ የማን ኦ ዎር ልጅ ነበር፣ ሌላው የልጅ ልጁ። ዘራቸው ከሞላ ጎደል ሲመጣጠን፣ ወሳኙ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ፣ የትኛው አፈር ላይ እንደሚረገጥ፣ ጋላቢው መቼ እንደሚለቅቅ ሆነ። ዘሩ ባይኖር እነዚያ ሁሉ ዘዴዎች አራት የፈረስ ቁመት ቀርቶ አንዲትም አያስገኙም ነበር።

ጅማቱ

በፌብሩወሪ 1939 ሲቢስኪት በሳንታ አኒታ ሜዳ ሲሮጥ በግራ የፊት እግሩ፣ ከአገዳው ጀርባ ወርዶ ቁርጭምጭሚቱን ደግፎ የሚይዘው ጅማት ተበጠሰበት። ይህ ጅማት ፈረሱ በሽምጥ ግልቢያ መሬት በረገጠ ቁጥር የክብደቱን ብዙ እጥፍ ይሸከማል። ሲጎዳ የሚድነው በጠባሳ ነው፤ ጠባሳው እንደ መጀመሪያው አይለጠጥም። ለዚህ ነው ዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት የሚፈጀው፤ ለዚህም ነው ብዙ ፈረስ ቶሎ ተመልሶ እንደገና የሚበጠሰው። እብጠቱ ጠፍቶ ፈረሱ ማነከሱን ሲያቆም ባለቤቱ ዳነ ብሎ ያስባል፤ በዚያን ጊዜ ጅማቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ሲቢስኪት በካሊፎርኒያ በሪጅውድ እርሻ ለወራት ቆየ። ከተሰበረው እግሩ እያገገመ ከነበረው ፖላርድ ጋር በርምጃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሶምሶማ፣ ከዚያ ወደ ግልቢያ ተሻገረ። በሰባት ዓመቱ፣ በ1940፣ ተመልሶ አራት ጊዜ ሮጠ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተሸነፈ፤ አልቸኮሉበትም። ሦስተኛውን አሸነፈ። አራተኛው ማርች 2 ቀን የተደረገው የሳንታ አኒታ ማመጣጠኛ ነበር፤ በ1937 በሮዝመንት፣ በ1938 በስቴጅሃንድ በአፍንጫ ርቀት የተነጠቀው ውድድር። (ስቴጅሃንድ ያን ጊዜ 100 ፓውንድ ሲሸከም ሲቢስኪት 130 ተጭኖ ነበር።) በ130 ፓውንድ፣ 2,000 ሜትር ያህሉን በ2 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ከ1/5 ጨርሶ አሸነፈ። የዕድሜ ልኩ ድምር 89 ሩጫ፣ 33 ድል ነው።

ከሜዳው በኋላ

የስልጠናው ወገን ብዙ ጊዜ የማያነሳው ክፍል ይህ ነው። ሲቢስኪት በሪጅውድ ለመራቢያ ውሎ 108 ልጆች ወለደ። ከእነሱ ውስጥ ሲ ሶቨሪን እና ሲ ስዋሎው መጠነኛ ስም አገኙ፤ አባታቸውን የሚጠጋ ግን አልወጣም። በፒምሊኮ የተሸነፈው ዋር አድሚራል ግን በ1945 በአሜሪካ የድንጉላዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ሴት ልጁ ቡሸር በዚያው ዓመት የዓመቱ ፈረስ ተባለች። ሌላዋ ልጁ ቡሳንዳ ታላቁን በክፓሰርን ወለደች። በ1977 እና በ1978 ሦስትዮሽ ዘውዱን የወሰዱት ሲያትል ስሉ እና አፈርምድ በዘር ሐረጋቸው ውስጥ እሱን ይዘዋል።

ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም። ዋር አድሚራል በኬንታኪ፣ በምርጥ ባዝራዎች መካከል ነበር፤ የሲቢስኪት ባዝራዎች በብዛትም በጥራትም አይወዳደሩም። ቢሆንም ምክንያቱ በከፊል ግልጽ ነው። ፓምኪን፣ ደወሉ፣ የፖላርድ ትዕግሥት፣ ስሚዝ ያስከበረለት እንቅልፍ፣ ከእነዚህ አንዱም በዘር አይተላለፍም። ውርንጭላዎቹ የወሰዱት የሃርድ ታክንና የስዊንግ ኦንን ዕጣ እንጂ የስሚዝን እጅ አይደለም።

ስለዚህ ውርንጭላ ለሚገዛ ሰው፣ አባትየው ያሸነፈው በምን እንደሆነ መጠየቅ ከስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ከመጠየቅ ይቀድማል። አባቱ በሁለት ዓመቱ ያለ ብዙ ድካም ያሸነፈ ነው ወይስ ልዩ አያያዝ አግኝቶ በአራት ዓመቱ የወጣ? የእናቱ ሌሎች ልጆች በተለያዩ አሰልጣኞች እጅ ምን ሠሩ? ሁለተኛው ጥያቄ ከአባት ስም የበለጠ ይናገራል፤ አሰልጣኝ እየተለዋወጠ ውጤቱ ከቀጠለ፣ የቀጠለው ደም ነው።

ባለ ዘር ሆኖ የማያሸንፍ ፈረስ ለተረከበ ሰው ደግሞ ቅደም ተከተሉ የስሚዝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ሳምንታት ሰዓት መያዣውን ወደ ጎን ያስቀምጥ። በየቀኑ የተረፈውን ምግብ ይመዝን፤ ሌሊት ይዞር እንደሆነ ለማወቅ ማታ የጋጣውን ወለል ደልድሎ ጠዋት የተቆፈረውን ይይ፤ ኮርቻ ሲጠብቅ ጆሮውንና ጥርሱን ይመልከት፤ ቢቻል የጨጓራ ምርመራ ያስደርግ። ያለፉትን ሩጫዎች ቁጥር፣ በመካከላቸው ያለውን የቀን ብዛትና ርቀቱን በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍ። ፈረሱ በልቶ ማደር፣ ተኝቶ መነሳት ሲጀምር ብቻ ወደ ፈጣን ሥራ ይግባ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ400 እስከ 600 ሜትር፣ ጋላቢው ሳይገርፍ። ከዚያ በኋላ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ካልተለወጠ፣ በእጁ ያለው ግሮግ ነው ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ አለንጋ መጨመር ምንም አያመጣም፤ ለሌላ ሥራ ማዋል ለፈረሱም ለባለቤቱም ይሻላል።